አወልን ያናገረ ውሸት

ሰላዩ የድምፅ መቅረጫውን የተቀበለው ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። አቀባዩ ቆጮ ሻጭ ይመስል ነበር፤ የሚያብለጨልጭ የመንግሥት ጫማውን ባያደርግ ኖሮ።

«ቆቅ፣ የተከተለህ አለ?»

«ጫማዎን ያየ ሁሉ ይከተለናል፣ አለቃ።»

አቀባዩ፣ የጸጥታው ሹም ሰይፈሥላሴ፣ አልሳቀም።

«ጭሰኛው ሁሉ ባላባቱን የሚሰድብ ዘፈን ይዞ ተነሥቷል። የገጠመው የሾኔው አወል ነው ይባላል። ከአፉ አውጣልኝ።»

«ከዚያስ? ይታሰራል?»

«ምን በወጣው! አዲስ አበባ ወስደን ቴአትር ቤት እናስቀጥረዋለን። ቃሌ ነው።»

ቆቅ አመነ። ቆቅ የስለላ ስሙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ብሩ ነው። ሾኔ የገባው ግን «የሬዲዮ ጋዜጠኛው» ተብሎ ነው።

አወል ቤቱ ያስገባው እየከበደው ነው። ፖሊስ ሁለት ጊዜ ገርፎት ትንፍሽ አላለም።

«ጋሽ አወል፣ ዘፈኑን እንዴት ገጠሙት?»

«የምን ዘፈን?»

«ገበያው ሁሉ የሚዘፍነውን።»

«ገበያውን ጠይቀዋ!»

ሚስቱ ነፊሳ አታካና አቀረበች፤ ቡላ በቅቤና በወተት። በዚህ ቤት እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም። ብሩ ከአወል ጋር ካንድ ገበታ በላ። ሥልጠና ላይ የተነገረው ትዝ አለው። ዝምተኛ ጥበበኛን አትለማመጠው። ሥራውን ለሌላ ስጥበት።

መቅረጫውን ከፈተ።

«ለነገሩ የሀቢቾው ዘፋኝ ኤሊያስ ‹ዘፈኑ የእኔ ነው› ብሏል።»

የአወል እጅ ገበታው ላይ ቀረ።

«ማን? ኤሊያስ?»

«ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ያ ፍየል! ሠርግ ላይ እንኳ የሙሽራዋን ስም የሚረሳው? ዘፈኑ የእኔ ነው! እያንዳንዷ ስንኝ! የባላባቱን ቦርጭ ጎተራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቅዳ!»

ከጓሮ ሳል ተሰማ።

በሩ ተበረገደ።

ሰይፈሥላሴ። ከኋላው ፖሊሶች።

ብሩ የመቅረጫውን ክር መዥርጦ ምድጃ ውስጥ ወረወረው።

«ቃልዎስ? ቴአትር ቤቱስ?»

«አንተስ ጋዜጠኛ ነኝ ብለህ የለም እንዴ?» አለ ሹሙ። «ይቃጠል። ከጓሮ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እነዚህም ምስክር ናቸው።»

ነፊሳ ገበታውን ከብሩ ፊት አነሣችው።

«የበላኸው መርዝ ይሁንብህ!»

አወልን አሰሩት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ኤሊያስ እውነት ‹የእኔ ነው› ብሏል?»

 ብሩ በሹሙ ተናደደ። በአሠልጣኙ ተናደደ። ከሁሉም በላይ ያንን ውሸት አሳምሮ በዋሸው በገዛ አፉ።

«አላለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሰውየውን አላውቀውም።»

«እሰይ!» አለ አወል። ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

ብሩ ሲመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ወሬ አማረው።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ወንድሜ?»

«ሽንኩርት እነግዳለሁ።»

ሰውየው አምኖት እንቅልፉን ለጠጠ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ብሩን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ደሞዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው፤ ዋሽቶ ለመታመን።