የሰንሐራ እናት ዛላ

ፀሐይ በቀትር ጠቆረች። የሰንሐራ ሕዝብ ደንግጦ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ የመቅደሱ ወለል ተሰነጠቀ፤ ከምድር ሆድ ጉርሙስ ወጣ። ቅርፊቱ እንደ ባልጩት የጠነከረ፣ ርዝመቱ ከቅጥሩ የሚያልፍ፣ ብርሃን የሚያቃጥለው አውሬ ነበር። ፀሐይ ተመልሳ ከመድመቋ በፊት እናት ዛላን ከመሠዊያዋ ነጥቆ ጠፋ።

እናት ዛላ ከጥንት ጀምሮ ያልደረቀች የማሽላ ዛላ ናት። ከእርሷ አንዲት ፍሬ ያልተቀላቀለበት ዘር በሰንሐራ ምድር አይበቅልም። አገሪቱ ዙሪያዋን በገደል የታጠረች ስለሆነች መውጫዋ አንድ ብቻ ነው፤ ፀሐይ የማትገባበት ጠባብ ሸለቆ፣ የገሞር በር። ጉርሙስም ሄዶ የተኛው እዚያው በሩ ላይ ነው። እህል አይቀምስም፤ የሚበላው ትንፋሽ ያለውን ነው። የተራበ ሕዝብ ውሎ አድሮ መሰደዱ እንደማይቀር ያውቃልና አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ጀመር።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ያላቸውን ሁሉ በአንድ ድስት ቀቀሉ። መጀመሪያ ሕፃናትና እመጫቶች፣ ቀጥሎ አዛውንት ይቀርባሉ፤ ጎልማሶች በፈረቃ ቀን እየዘለሉ ይበላሉ። ጎተራው ሲራቆት የከብት ቆዳ ዘፈዘፉ፤ ቆዳው ሲያልቅ ከጫካ ሥር ቆፈሩ። ከድስቱ እየጨለፈች የምታድለው ናሆማ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። እጇ ስለማያዳላ ሰፈሩ የመረጣት እርሷን ነው።

አንድ ቀን ሰልፉ ሳያልቅ ጭልፋዋ የድስቱን ቂጥ ፋቀ። ከፊቷ የቀሩት ሰባት ሰዎች ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ዞሩ። ቢጮሁባት ይቀላት ነበር። ጭልፋውን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወደ ገሞር በር እወርድ ዘንድ ይፍቀዱልኝ!»

ንጉሥ ዘርዓም አጥንቱ የገጠጠ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «አርባ ጦረኛ ልኬ የተመለሰልኝ አንድ ነው። አንቺ በምን ትበልጫቸዋለሽ?»

«አልበልጣቸውም። ነገር ግን ነገም ባዶ ድስት ይዤ ሕዝቡ ፊት ከምቆም ጉርሙስ ፊት ብቆም እመርጣለሁ። በረገጥኋት ምድር እምላለሁ፤ እናት ዛላን ሳልይዝ ተመልሼ የሰንሐራን ውሃ አልጠጣም!»

ከአዳራሹ በር አጠገብ ጦሩን ተደግፎ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ብቻውን የተመለሰው ጎዳር ነበር። «ሮጬ ያመለጥሁበትን ስንጥቅ አውቀዋለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኔ እመራታለሁ።»

ከከተማዋ ሲወጡ ደግሞ እማማ ሐርመላ ከረጢታቸውን አንግበው መንገድ ላይ ጠበቋቸው። ለሰፈሩ ሰው የሚበላውን ሥር ከማይበላው ለይተው ያስተማሩ አሮጊት ናቸው። «ስንቅ ሲያልቅባችሁ ማን ሊቆፍርላችሁ ነው?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ከፊት ቀደሙ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ስንጥቁ ገቡ። ጉርሙስ ሽታቸው ደርሶት ሲገላበጥ ተራራው ተናወጠ፤ ከኋላቸው ቋጥኝ ወርዶ መግቢያውን ደፈነው። ከፊታቸው አውሬው እናት ዛላን ደረቱ ሥር አድርጎ ተጋድሟል። ስንጥቁ ስለሚጠበው አይገባባቸውም፤ እነርሱም አይወጡም። የጎዳር ጦር ቅርፊቱ ላይ እንደ ሸንበቆ ተሰበረ። ናሆማ ቋጥኙን በጥፍሯ ስትቧጥጥ ጣቶቿ ደሙ። የአውሬው ትንፋሽ ትኩስና እርጥብ ነበር፤ ሲያስወጣ ይታፈናሉ፣ ሲያስገባ ልብሳቸውን ይጎትታል። አራት ቀን እንዲህ ቆዩ። ቂጣው አለቀ።

በአምስተኛው ቀን እማማ ሐርመላ ከከረጢታቸው ጥቁር ሥር አወጡ። «ሐሞቴ ይባላል። ሦስት ጊዜ ካልተቀቀለ በሬ ይጥላል።»

ጎዳር አንዱን ነጥቆ ወረወረው። ጉርሙስ አሽትቶ ተወው።

«ትንፋሽ የለውማ» አሉ አሮጊቷ። ከዚያም ቁጭ ብለው ጥሬውን ማኘክ ጀመሩ።

ናሆማ ነገሩ የገባት ሁለተኛውን ሥር ሲያነሡ ነው። እጃቸውን ያዘች። «እማማ! ይትፉት! በእናትዎ ይትፉት!»

«ልጄ፣ እጄን ልቀቂ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳይሞት ይህን ሥር ስቀቅል ኖርሁ። የቀረችኝ ጊዜ አጭር ናት፤ በልቅሶ አትጨርሺብኝ።»

ናሆማ አልለቀቀችም። የአሮጊቷ ጣቶች በመዳፏ ውስጥ ሲቀዘቅዙ ተሰማት። ያን ጊዜ ለቀቀች።

እማማ ሐርመላ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። «አንተ ጉርሙስ!» ድምፃቸው ሸለቆውን ሞላው። «ሦስት ዓመት የጠበቅኸው መጣልህ!»

አውሬው ዋጣቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ጎዳር ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ የጉርሙስ ሆድ ተንዘፈዘፈ፤ ጅራቱ የሸለቆውን ግድግዳ መታው፤ ገደሉ ተንዶ ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገሞር በር ገባች። ቅርፊቱ በብርሃኑ ሲነድ ናሆማ ከደረቱ ሥር ተሹለክልካ እናት ዛላን መነጨቀች። ጎዳር በዚህ ጊዜ አልሮጠም፤ የሚወርደውን ድንጋይ በትከሻው ደግፎ እስክትወጣ ጠበቃት።

ጉርሙስ እዚያው ነድዶ አለቀ፤ መንገዱም ተከፈተ። ከጎረቤት አገሮች በበቅሎ እህል ገባ፤ እስከ መኸር ድረስም ሕዝቡን አቆየው። የተዘራውም በቀለ። መኸሩ እንደገባ ንጉሡ ናሆማን ሊሸልሙ ቢጠሯት፣ እርሷ ከጎዳር ጋር አስቀድማ የሄደችው ወደ እማማ ሐርመላ ልጅ፣ ወደ ሲጣና ቤት ነው። እስከዚያ ቀን ሊነግሯት ያልደፈሩትን አንድ በአንድ ነገሯት።

ሲጨርሱ ሲጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እናቴ ያን ቀን ምን በልታ ነበር?»

ናሆማ ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እምቢ አላት። «ከዚያ ሥር በቀር ምንም። የመጨረሻዋን ቂጣ ለሁለታችን ቆርሰው ሰጡን። እኔ በልቻለሁ አሉን፤ አመንናቸው። ማመን ስለፈለግን አመንናቸው።»

ሲጣና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የአዲስ ማሽላ ንፍሮ በገበቴ ይዛ ነበር። ከፊታቸው አስቀመጠችው።

«ብሉ» አለች።

ጎዳር አንገቱን ደፋ። «እኛ እኮ...»

«ብሉ አልኋችሁ።»

በሉ። እርሷም ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ገበቴው ባዶ እስኪሆን ድረስ እያንዳንዱን ጉርሻ ስታይ ቆየች።