በጨለማው ክፍል ሦስት ብልጭታ

የቤተ ሙከራው ኃላፊ በጨለማው ክፍል ወንበራቸው ላይ እንዳሸለቡ ሞተው ተገኙ። ከምሳ በኋላ እዚያው ጋደም ማለት ልማዳቸው ነበር። አንድ ሰው እዚያው የቆመውን የናይትሮጅን ጋዝ ሲሊንደር ከፍቶ የሚተነፍሱትን አየር አሳጥቷቸዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት።

«ሲሊንደሩን የምትነካው እሷ ናት!» አለ ምክትሉ፣ ጣቱን ቴክኒሻኗ ላይ ቀስሮ። «እኔ ዛሬ እዚህ ክፍል እግሬም አልረገጠም። እሰሯት!»

የሟች ሚስትም «ባሌን የበላሽ!» ብላ ልታንቃት ተነሳች። መርማሪዋ በመሀል ገባች። ምክትሉን ደሟ አልወደደውም፤ ግን በዚህ ሰው አይታሰርም።

ሚስቲቱን ለብቻ ጠየቀቻት። «ባልሽ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከምክትሉ። ነገ እንደሚያሰናብተው ነግሮታል።»

ቀጥላ ቴክኒሻኗን ጠራች። «ሰዓት ታስሪያለሽ?»

«የአባቴን፣ በእጅ የሚሞላውን። የሚያበራ ነገር ይዞ እዚህ መግባት ክልክል ነው፤ እዚህ የምንሠራትን የብርሃን ጠቋሚ መሣሪያ ያውካል። ምክትሉ ግን ‹ለዕውር ብዬ ሰዓቴን አላወልቅም› ይላሉ።»

«ዕውር ናት?»

«ነበረች። የተሠራችበት ግራፊን አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ከመቶ እጅ ብርሃን ሁለት እጅ ያህል ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። ኃላፊው በዓይን የማይታዩ የወርቅ ጉብታዎች ደረደሩበት። ጉብታዎቹ ብርሃኑን ሰብስበው ለግራፊኑ ያቀብሉታል። ትናንት ተሳካ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጨለማው ክፍል ሰበሰበች።

«ጠቋሚዋ ቀኑን ሙሉ ስትመዘግብ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስት ብልጭታ ይዛለች። የሲሊንደሩ መክፈቻ ሦስት ጊዜ ይዞራል። እጅ በዞረ ቁጥር የሚበራ ሰዓት ደግሞ አለ። የሚስቲቱ እጅ ባዶ ነው። ቴክኒሻኗ ብትሆን፣ ጠቋሚዋ እንደምታይ ስለምታውቅ አስቀድማ ታጠፋት ነበር። ሳያጠፋት የገባው የናቃት ሰው ነው።»

ምክትሉ ሳቀ። «ያቺ? ፀሐይ ቢወጣባት የማታይ!»

«እንግዲያው እጅዎን ያዙሩ።»

አልፈልግም አለ። መብራቱን አጥፍታ እጁን ራሷ ይዛ አዞረችው። የጠቋሚዋ ስክሪን ላይ መስመሩ ዘለለ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቁመቱም ቅርጹም ከቀኑ መዝገብ ጋር አንድ ነበር። የናቁት ያደርጋል ራቁት ሆነበት።

ካቴናው ሲገባለት ሰዓቱ አራተኛ ጊዜ በራ። ቴክኒሻኗ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ትኩር ብላ አየችው።

«አውልቁት ብዬ ስንት ቀን ለመንኩዎት?»