ሁለት ክቦች በቢሊሱማ ክንድ ላይ

ኢንስፔክተር ተናኜ ጉርድ ሾላ አካባቢ ካለችው ትንሽ ክሊኒክ ስትደርስ ቢሊሱማ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች አልጋው ላይ ተጋድማ ነበር። ዕለቱ አርብ ነው፣ ኅዳር 1988። ልጅቷ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከንፈሯ አብጧል፤ አንገቷ ላይ የወጣው ሽፍታ አልጠፋም። በልጅነቷ የተመላለሰባት ቶንሲል ልቧን ስለጎዳው ወር በወር ፔኒሲሊን ትወጋለች። ዛሬም ተወጋችና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ አረፈች።

ወንድሟ ዋቅጅራ በር ላይ በሁለት ፖሊሶች ተይዞ ይጮኻል። «ሳይሞክር ነው የወጋት! ገዳይ!»

ገዳይ የተባለው ጤና ረዳቱ ሃይደር ነው። ከወሎ መጥቶ ክሊኒኳን ከከፈተ ወዲህ ሰፈርተኛው «ዶክተር» እያለ ሲሾመው እምቢ ማለት ያቃተው ጎልማሳ ነው። አሁን ሹመቱን የሚያስታውስለት አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ሞክረሃታል?» አለችው ተናኜ።

«ወላሂ ሞክሬያታለሁ! ከቆዳዋ ሥር ጠብታ አስገብቼ፣ በእስክሪብቶ ከብቤ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ቢያብጥ ኖሮ አልወጋትም ነበር። ምንም አልወጣም። ስትወድቅም አድሬናሊን ሰጠኋት፤ አልተመለሰችልኝም።»

«መድኃኒቱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«ከዚያው ካርቶን ጠዋት ሦስት ሰው ወግቻለሁ። ሦስቱም ደኅና ናቸው፤ ይጠይቋቸው።»

ተናኜ የልጅቷን ቀኝ ክንድ ገለጠች። ሰማያዊ ክብ፣ መሀሉ ላይ የመርፌ ነጥብ። ሰውየው አልዋሸም። ሌላ መርማሪ ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር፤ እሷ ግን ነገር በግማሽ መተው አይሆንላትም። የግራውንም እጅጌ ሰበሰበች። እዚያም ክብ አለ፤ ውሃ የነካው፣ የደበዘዘ።

«ይሄንንም የከበብከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ልጅቷን ዛሬ ገና ነው ያየኋት።»

«እንዴት ነበረች?»

«እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ነበር። እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ታዛጋለች። አፌ ደረቀ ብላ ሁለቴ ውሃ ጠጣች። ስታጠና አድራ ነው አሉኝ እናቷ።»

ሃይደር ያን ቀን ጣቢያ አደረ።

በማግስቱ ተናኜ ቦሌ አራብሳ፣ እርሻው ዳር ካለው ለቅሶ ቤት ሄደች። የሟች እናት ወይዘሮ አሰጋሽ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። እንባቸው አልቆ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል።

«መርፌዋ እንዳያልፋት ነበር ጭንቀቴ» አሉ። «ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ የኔ ልጅ።»

ዋቅጅራ ቃሉን ለመስጠት ወደ ጓዳ ሲያስገባት ደጋግሞ አስነጠሰ። አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ አቧራው ዓይኑን አቅልቶታል። ከመደርደሪያው ላይ የቢጫ ኪኒን ማሸጊያ አነሳ።

«ለአለርጂ ነው?»

«አዎ። ረቡዕ ገዛሁት። ረቡዕና ሐሙስ ማታ አንድ አንድ ዋጥኩ። ትናንትማ ምኑን አስታውሼ!»

ተናኜ ማሸጊያውን ተቀብላ አየችው። አሥር ነበር የሚይዘው። ስምንት መቅረት ሲገባው ስድስት ነው ያለው። ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ መለሰችለት።

እሑድን በአካባቢው ያሉትን ክሊኒኮች ስትዞር ዋለች። ሰኞ ጠዋት አራቱ ሰዎች ቢሊሱማ በሞተችበት ክፍል ተገናኙ፤ ሃይደር ከጣቢያ መጥቶ፣ እናትና ልጅ ጥቁር ለብሰው። ተናኜ ቆማ ነበር። በሥራዋ እንደዚያ ቀን የምትጠላው ሰው ቢኖር ብላ ተመኝታ አታውቅም።

«ሃይደር ሞክሯታል» ብላ ጀመረች። «ክንዷ ላይ ምልክቱ አለ። ግን በሌላው ክንዷ ላይ ሌላ ክብ አገኘሁ። ሰው ሁለት ጊዜ የሚሞከረው የመጀመሪያው መልስ ሳይወደድ ሲቀር ነው። ክሊኒኩን አገኘሁት። ባለፈው ሰኞ መዝገቡ ላይ ‹አብጧል፣ አልተወጋችም› ተብሎ ተጽፏል።»

«ታዲያ አርብ ለምን አላበጠም?» አለ ሃይደር።

«አስከሬኗን ያየውን ሐኪም ጠየቅኩት። ሰውነታችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ሰፈር ዘበኛ ነው። ጠላት የመሰለው ነገር ሲገባ ይጮኻል። ቆዳው የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ የሚያሳክከው በእሱ ነው። የአለርጂ ኪኒን ይህን ጩኸት ያፍናል። እንቅልፍ ያመጣል፤ አፍም ያደርቃል። ቢሊሱማ ስታጠና አላደረችም፤ ኪኒን ውጣ ነበር። ጠብታዋ ስትገባ ዘበኛው አፉ ተይዟል። ሙሉው መርፌ ሲገባ ግን ሂስታሚኑ ከመላ አካሏ በአንዴ ገነፈለ። ያንን አንዲት ኪኒን አታቆመውም።»

ዋቅጅራ እጁን ኪኒኑን ወደያዘበት ኪሱ ላከ፣ መለሰው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«አንተ እስከ አርብ ቀትር መጋዘን ነበርክ፣ ዋቅጅራ። መዝገቡን አይቻለሁ።»

«እኔ ነኝ አልኩ!» ወደ እናቱ ዞረ። «አዮ፣ ዝም በይ!»

ወይዘሮ አሰጋሽ የልጃቸውን ክንድ ያዙት። «ተው» አሉት በቀስታ። ከዚያ ወደ ተናኜ ዞሩ። «ሰኞ አብጧል ብለው መለሱን። ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ አሉኝ፤ ሄድኩ፤ ቀጠሮው ለጥር ነው ተባልኩ። የልብ ሐኪሟ ደግሞ አንድ ወር ቢያልፋት ልቧ ይደክማል ብሎኛል። የዋቅጅራን ማሳከክ ሲያጠፋለት አያለሁ። እብጠቱን ያጥፋላትና መርፌዋን ታግኝ ብዬ ነው። እሷም እሺ ብላ ዋጠችው።»

ሃይደር እንባው ይወርዳል። «እኔም ከዚህ በፊት ተሞክራለች ወይ፣ የዋጠችው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እናቴ» አለ።

ተናኜ ነፃ ያወጣችውን ሰው ማየት አቃታት፤ እናትየውንም ማየት አቃታት። ከጎደሉት ሁለት ኪኒኖች ሁለተኛዋ የት እንዳለች መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም።

ወይዘሮ አሰጋሽ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ። ትንሿ ቢጫ ኪኒን መዳፋቸው ላይ ወደቀች።

«ይቺን» አሉ፣ «ለሚመጣው ወር አስቀምጬላት ነበር።»