አረንጓዴው ሳህን

«ሼፍ! ዛሬም ያንን ደመና የመሰለውን ትሠሪልኛለሽ አይደል?» አባቷ ከመታጠቢያ ቤት ጮኸ።

«እሺ አባዬ!» አለች ሚዛን።

«እሺ ጋሼ!» አለች አጠገቧ የቆመችው ቡቡም፣ እኩል።

አባቷ ከሚንሿሿው ውሃ መሐል፣ «ቡቡን ማለቴ ነው» አለ።

ሚዛን ፊቷ ሲግል ተሰማት። ሼፍ እሷ ነበረች። አባቷ የሌሊት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ የሚበላውን የሙዝ ፓንኬክ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጋግርለት እሷ ናት። ዱቄት ስትለካ የማንኪያውን አፍ በቢላዋ ጀርባ ስለምታስተካክል «ሚዛን» ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። የአክስቷ ልጅ ቡቡ፣ እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ እነሱ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ግን ቅዳሜ ባለቤት ቀየረ።

የቡቡ ፓንኬክ ሁለት ጣት ይወፍራል። ሳህን ላይ ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆርሱት የማንጎና የእንጆሪ ቁራጭ ከውስጡ ብቅ ይላል። ትንሹ ወንድሟ መጀመሪያ የቀመሰው ዕለት፣ «የሚዛን ፓንኬክ እኮ በበር ሥር ያልፋል!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። እናቷ ሳትቀር ሳቀች። ሚዛንም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች።

ቡቡ አሠራሩን አልደበቀቻትም። የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ ትለያለች፤ ጎድጓዳ ሳህኑን በሎሚ ታብሳለች፤ ነጩን አረፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ትመታዋለች፤ ከዚያ ከሊጡ ጋር በቀስታ ታዋህደዋለች። «ሳህኑን ትንሽ ቅባት ከነካው አለቀልሽ፣ አረፋው አይነሳም» ብላታለች በመጀመሪያው ቅዳሜ። «እማዬ ናት ያሳየችኝ።»

አሁን ማንጎ እየከተፈች፣ ዞር ሳትል እጇን ዘረጋች። «ሚዛንዬ፣ ሳህን አቀብዪኝ እስቲ።»

መደርደሪያው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ነበሩ። አንዱ የብረት ነው። ሌላው አረንጓዴ ፕላስቲክ፤ ትናንት እናቷ የቀለጠ ቅቤ ያስቀመጠችበት። ያጠበችው ራሷ ሚዛን ናት። አውራ ጣቷን ውስጡ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ሸርተት አለ።

አረንጓዴውን አቀበለቻት።

ቡቡ ሎሚ ልታነሳ ብላ ተወችውና ሳቀች። «አንቺ ያጠብሽው አይደል? ያንቺን እንደገና ማጽዳት ስድብ ነው።»

ሚዛን እንቁላሎቹን አጠገቧ አስቀመጠችላት።

ቡቡ አራት እንቁላል ሰብራ ነጩን መምታት ጀመረች። ዳር ዳሩ ትንሽ አረፋ ያዘና እንደ እቃ ማጠቢያ ውሃ ሆኖ ቀረ። እጅ ቀየረች። ስኳር ጨመረች። ግንባሯ ወዛ።

ሚዛን ማጠቢያውን ተደግፋ ታያለች። ደስ ብሏት ነበር፤ እውነት ነው፣ ደስ ብሏት ነበር።

«እንቁላሉ ቆይቶ ይሆን እንዴ?» አለች ቡቡ። «አይ፣ እኔ ነኝ። ጠፋብኝ።» መምቻውን አስቀመጠች። «ታውቂያለሽ፣ እዚህ ቤት ሁሉም የራሱ ወንበር አለው። እኔ ያችን በርጩማ ነው የምጎትተው። ቅዳሜ ብቻ ማንም ‹እሷ የት ትቀመጥ?› አይልም። ምድጃው ጋ ነኛ!» ለመሳቅ ሞከረች።

ሚዛን በርጩማዋን በየቀኑ ታያታለች። አንድም ቀን የማን ናት ብላ አስባ አታውቅም።

የብረቱን ሳህን አወረደች። የፈላ ውሃ ደፋችበት፣ በሳሙና አሸችው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው፣ በግማሽ ሎሚ ዙሪያውን አበሰችው። የቀሩትን ሁለት እንቁላሎች አጠገቡ አኖረች።

«ያኛው ቅባት ነበረው» አለች። «ሳልሰጥሽ በፊት በጣቴ አውቄዋለሁ።»

«ሳትሰጪኝ በፊት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

መልሱ ውስጧ ሳለ ትልቅ ነበር፤ ሲወጣ አነሰ። «አባዬ ሼፍ ሲልሽ ያናድደኛል።»

ቡቡ አልጮኸችም። ግድ የለም አላለችምም። አንዱን እንቁላል አንስታ በሳህኑ ጠርዝ መታችው፤ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «ሁለት እንቁላል ለአምስት ሰው አይበቃም» አለች።

«ለአባዬ ይበቃል።»

ከሳሎን የወንበር መንሸራተት ተሰማ። «ኧረ ልጆች፣ ምን ነካችሁ ዛሬ? ሳልበላ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው!»

ቡቡ መምቻውን ይዛ ዞረችና ሚዛንን አየቻት፤ ምን እንደምትል እየጠበቀች።

እንቁላሉ ነው ማለት ይቻል ነበር። ጋዙ አልነድ ብሎ ነው ማለትም ይቻል ነበር። ሚዛን እጇን በፎጣ አደረቀች፣ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። ከዚያ የኩሽናውን በር ገፍታ ወጣች።

«አባዬ፣ ቁርስህን ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አለች። «እንዳትተኛ፤ ልንገርህ።»

ከኋላዋ፣ መምቻው ከብረቱ ሳህን ጋር ሲጋጭ ሰማች።