ሞቃቱ ቆስጣ

መጀመሪያ የሰማሁት የመዋጥ ድምፅ ነው።

በጣም የጠማው ሰው ውሃ ሲያገኝ እንደሚውጠው... ጉሮሮ ያለው ድምፅ።

ማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን አልተኛሁም፣ በቁሜም አላለምኩም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐይ ሳሎኑ ድረስ ገብታለች። ድምፁ የመጣው ከአትክልት ማብቀያው ማሽን ነው።

ማሽኑ ፍሪጅ ያክላል። አራት መደርደሪያ፣ በየመደርደሪያው አምፖል፣ ከታች የውሃ ሳጥን። አፈር የሚባል ነገር የለውም። የገዛሁት ለታላቅ እህቴ ነው። ታማ ምግብ አልወርድ ብሏት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ "ካልበላች አትተርፍም" ብሎኛል።

የማሽኑን ቆስጣ ግን ትበላለች። እሱን ብቻ።

"እታለም፣ ማዳበሪያው ካለቀ ሦስት ሳምንቱ። እነዚህ ምን በልተው ነው የሚወፍሩት?" አልኳት።

"አንተ ህልመኛ... እነሱስ ወፈሩ፤ የከሳኸው አንተ ነህ" ብላ ከአልጋዋ ሳቀችብኝ።

ድዷ አረንጓዴ ነበር።

ልቆርጥላት አንዱን ቅጠል ያዝኩ። ይሞቃል... የሰው ጆሮ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ጀርባው ላይ ስስ ፀጉር አለው። ስቆርጠው አክታ የመሰለ ነገር ተዝለግልጎ ጣቴ ላይ ወረደ።



አጥቤ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? ካልበላች ትሞትብኛለች።

በማግስቱ የማሽን ጠጋኝ አስመጣሁ። ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው።

"ፓምፑ ነው የሚያጓራው። እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል" ብሎ ተንበርክኮ ሳጥኑን ከፈተ።

ሽታው... ከርሞ ያልታጠበ አፍ።

"ይሄ ፓምፕ እኮ ከተቃጠለ ቆይቷል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ውሃ የለም። ሳጥኑ ሙሉ ሥር ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ አንጀት የመሰለ... ጣቱ ሲነካው ሸሸ።

"ምን ነበር የምታጠጣው?"

"ውሃ ነዋ። ከእህቴ ብርጭቆ የተረፈውን... ከሚደፋ ብዬ።"

በእጁ የሳጥኑን ጀርባ ዳሰሰ።

አንዱ ሥር ሳጥኑን ቀዶ ወጥቷል። ሶፋውን ፈቀቅ ስናደርገው ታየን። የግድግዳውን ጥግ ይዞ ሄዶ... በእህቴ በር ሥር ይገባል።

ጠጋኙ ያዝ አድርጎ ሳበው።

ከውስጥ እህቴ አቃሰተች።

"ሰው አለ?"

"እህቴ ናት።"

አሁንም ሳበው... በጣም ቀስ ብሎ።

"ወንድምዬ..." አለች። አፏ ሙሉ ነበር። "ተው... ከሆዴ ነው።"

ጠጋኙ ከቦርሳው መቁረጫ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሥሩን፣ ጨቅላ እንደሚያቀብል ሰው፣ በሁለት እጄ ላይ አኖረልኝ። ያልበዋል። የእጄ ላብ መስሎኝ ነበር... አይደለም።

"ልቁረጠው?" አልኩ በሹክሹክታ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ንገረኝ እንጂ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?"

ቦርሳውን ሳያነሳ፣ በሩንም ሳይዘጋ፣ ደረጃውን ወርዶ ሄደ።