የጤናዬ አስተርጓሚ

«በኮንፈረንሱ ምስክርነት የምታቀርበው ጤናዬ ናት» አለ የወጣቶቹ መሪ ወንድም ተስፋሁን፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ። «የምታስተረጉመው ሚስጥር።»

ሚስጥር ፈገግ ያለች መስሏት ነበር። ከመዝሙር ልምምድ በኋላ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ወጣቶች ዞር ዞር ብለው ሲያዩዋት ግን ፊቷ እንዳልታዘዘላት አወቀች። ጓደኛዋ ቤቲ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ሰማሽ? ጤናዬ!» አለች እያንሾካሾከች። «ሰላምታ እንኳ በአማርኛ ስትሰጥ ምላሷ የሚጠላለፍባት ልጅ?»

«ለዚህ አይደል አስተርጓሚ ያስፈለጋት» አለች ሚስጥር። ቀልድ ልታደርገው አስባ ነበር፤ ድምጿ ግን ጎምዝዞ ወጣ።

«አቦ፣ ፈታ በይ።»

«ምን ሆንኩ? ምንም አልሆንኩም።»

ሆናለች እንጂ። ሚስጥር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ እሁድ እሁድ ከሰባኪው ጎን ቆማ አማርኛውን ወደ አሪኛ የምትመልሰው እሷ ናት። አባቷ ወርቅነህ ከጎፋ ወደ ጂንካ የመጣ አናጢ ነው፤ እናቷ ዘሪቱ አሪ ናት፤ ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋ የአፍ መፍቻዋ ነው። ሰባኪው ድምፁን ሲያነሳ ታነሳለች፣ ሲያለቅስ ድምጿ ይሰበራል። የማስተርጎም ደንቡ «እሱ እንዲህ አለ» ማለትን አይፈቅድም፤ ሰባኪው «እኔ» ሲል አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። ሚስጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ሆና ንስሐ እንደገባች፣ ስንት ሰው ሆና እንደተፈወሰች ቁጥሩን አታውቀውም። ከአሪ መንደሮች የሚመጡት እናቶች ግንባሯን እየሳሙ «አፍሽ ይባረክ» ይሏታል። ቆላው ወይጦ ላይ የሚደረገው የወጣቶች ኮንፈረንስ ወሬ ከተነሳ ጀምሮም ምስክርነቱ የእሷ እንደሆነ አልተጠራጠረችም። የምትለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር መርጣ ነበር።

ጤናዬ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ባለፈው ዓመት ከተራራው ማዶ ከሚገኝ የአሪ መንደር የመጣች፣ አክስቷ ቤት የተጠጋች ልጅ ናት። በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ባዶው አዳራሽ ትገባና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ጥቂት ታነባለች፣ ጥቂት ታንሾካሹካለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ጸሎቷን ቆሞ ለመስማት የሚጓጓ ሰው አይገኝም።

ግን ልጃቸው የታመመባቸው እናቶች፣ እነዚያው የሚስጥርን ግንባር የሚስሙት፣ የሚያስጠሩት ጤናዬን ነው። ክፍል ውስጥ በአማርኛዋ ሙድ ይይዝባት የነበረው እዮብ እንኳ አባቱ የሞተ ጊዜ ሄዶ ያለቀሰው እሷ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሚስጥር አጠገብ መጥቶ ያለቀሰ አንድም ሰው የለም። ይህን ካስተዋለች ቆይታለች፤ ባስታወሰችው ቁጥርም ደረቷን ያቃጥላታል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ለቅዳሜ ገበያ ጎመን እያሰረች ነበር። ሚስጥር ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

«እማ፣ እኔ ምን ጎደለኝ?»

«ምን ይጎድልሻል? የሰው ሁሉ አንድ አፍ ነው፣ ያንቺ ሁለት» አለች ዘሪቱ ከጎመኑ ቀና ሳትል።

«አትቀልጂ! ለጤናዬ ሰጧት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ያገለገልኩት…» እንባ አነቃት። «እሷ ኮ ምንም አታደርግም። ዝም ብላ መቀመጥ ብቻ!»

ዘሪቱ የጎመን እስሩን አስቀመጠች። «ውኃ ልቀዳ በጠዋት ስወጣ አያታለሁ፣ ያቺን ልጅ። ማንም በሌለበት ነው የምትገባው። አንቺስ ከጌታ ጋር የምታወሪው መቼ ነው?»

«እሁድ እሁድ! ታዪኝ የለ እንዴ?»

«እሱማ የሰባኪው ወሬ ነው፣ ልጄ። ያንቺን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሚስጥር በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። መልስ ሲጠፋ በር ጥሩ ነው።

ዓርብ ማለዳ ከሌሎች አጥቢያዎች ወጣቶች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነው ቁልቁል ወደ ወይጦ ወረዱ። ቀይ አፈር ከተማን ሲያልፉ የጂንካ ብርድ ቀርቶ ሙቀቱ ፊታቸውን ይገርፈው ጀመር። ቤቲና ሌሎቹ ይዘምራሉ። ጤናዬ የመኪናውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ከሚስጥር ጎን ተቀምጣለች።

«ፈራሁ» አለች በአሪኛ። «ወንድም ተስፋሁንን እምቢ ብዬው ነበር።»

«ታዲያ ምን አስማማሽ?»

«አንቺ እንደምታስተረጉሚ ሲነግረኝ እሺ አልኩ። አንቺ ካለሽ አልጠፋም ብዬ።»

ሚስጥር ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ደግ ቃል ሆኖ ሳለ ለምን እንዳናደዳት ለራሷም አልገባትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወይጦው የቆርቆሮ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የአካባቢው የፀማይ ብሔረሰብ ወጣቶች አሉ፣ ከሩቁ ካንጋተን ከተማ ድረስ የመጡ አሉ፣ በመንገዱ ዳር ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ከነልጆቻቸው አሉ። ሁሉንም የሚያግባባቸው አማርኛ ነው። ሚስጥር መድረኩ ላይ ሆና ሕዝቡን ስትቃኝ አንድ ነገር ልብ አለች። ከእነሱ አጥቢያ የመጡት እሷን ጨምሮ አምስት ናቸው፤ ወንድም ተስፋሁን የወላይታ ሰው ነው፣ ቤቲ አሪኛ አትሰማም፣ አምስተኛው ልጅም ሆነ በመኪናው አብረው የመጡት የሌላ አጥቢያ ወጣቶች አይሰሙም። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ጤናዬ የምትለውን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ጤናዬ ማይኩን እንደ ትኩስ ነገር ያዘችው። ስሟንና የመጣችበትን ተናገረች፤ ሚስጥር በትክክል መለሰችው። ቀጥላ እንዲህ አለች፣ በአሪኛ፦

«ትምህርት ቤት በአማርኛዬ ሲስቁብኝ እያለቀስኩ ባዶ አዳራሽ ገባሁ። ለኢየሱስ በእናቴ ቋንቋ ነገርኩት፤ እሱም ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አጠገቡ እቀመጣለሁ። የበላሁትን፣ ያስከፋኝን፣ ያሳቀኝን ሁሉ እነግረዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እሱን እሰማለሁ። ስነሳ እዚያ ትቼው አልሄድም፤ አብሮኝ ይውላል።»

 ይህ ቃል እንዳለ ከወጣ አዳራሹ እንደሚያለቅስ ሚስጥር ታውቃለች፤ ስንት ጊዜ አዳራሽ አስለቅሳለች! ደግሞም ሲያለቅሱ የሚያዩት ጤናዬን ነው። ማይኩን ከጤናዬ ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋች።

«ትምህርት ቤት ትንሽ ከብዶኝ ነበር» አለች። «አሁን ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። አነባለሁ፣ እጸልያለሁ።»

ውሸት የለበትም። ነፍሱን ብቻ ነው አውጥታ ያስቀረችው። ከአዳራሹ «አሜን» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ፤ አንድ ሰው በደብተሩ ፊቱን ማራገብ ጀመረ። ሚስጥር ጥሟ እንደተቆረጠ ዓይነት ደስታ ተሰማት።

ያኔ ጤናዬ ቀና ብላ አየቻት። ሚስጥር የረሳችው ነገር ነበር፦ ጤናዬን አማርኛ መናገር እንጂ መስማት አይቸግራትም። የወጣውንም፣ የቀረውንም ቃል ሰምታለች።

ሚስጥር «እንዲህ አላልኩም» ትላለች ብላ ጠበቀች። መድረኩን ጥላ ትወርዳለች ብላ ጠበቀች። ጤናዬ ግን ትንፋሽ ስባ ወደ ሕዝቡ ዞረችና ቀጠለች። ይህን ለመናገር አስቀድማ አስባበት ይሁን እዚያው ቆማ ይሁን፣ ሚስጥር እስካሁን አልጠየቀቻትም።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች በአሪኛ። «እኔ በጓደኛዬ እቀና ነበር። ሁለት ቋንቋ ከአፏ እንደ ውኃ ይወርዳል። እሁድ መድረክ ላይ ሳያት ምላሷ እንዲታሰር እመኝ ነበር። አንድ እሁድ ተደናቀፈች፤ ደስ አለኝ። የዚያን ቀን እህል አልዋጥ አለኝ። በነጋታው ሄጄ ለኢየሱስ ነገርኩት፣ አላባረረኝም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ስሟን እጠራለታለሁ። አሁን እሷ መድረክ ስትወጣ እኔም የወጣሁ ይመስለኛል።»

ሚስጥር ያቺን እሁድ ታስታውሳለች። ቃል ጠፍቶባት ላብ ያጠመቃት እሁድ ናት። ከዚያ በኋላ እንዲያ ሆና አታውቅም፤ ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ትል ነበር።

አዳራሹ ይጠብቃል። ወንድም ተስፋሁን ከፊት ወንበር ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስጥር በጭንቅላቷ ሦስት መውጫ አዘጋጀች፤ «ጓደኞቼን እወዳለሁ» ብትል ያልቃል፣ ማንም አያውቅም። አፏን ከፈተች።

«እኔ…» አለች።

ያ የለመደችው «እኔ» ዛሬ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«እኔ በጓደኛዬ እቀና ነበር» አለች። «ምላሷ እንዲታሰር እመኝ ነበር።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ይህኛው ከሰባኪ የተቀዳ አልነበረም። የተባለውን እስከ መጨረሻው ተናገረችና ማይኩን አልመለሰችም።

«ይህን የተናገረችው ጤናዬ ናት። ነገሩ ግን የእኔም ነው። ቅድም የተናገረችውን ቆርጬ ነው የነገርኳችሁ፤ ቀንቼባት።» አዳራሹ ውስጥ ደብተር የሚያራግበው እጅ ቆመ። ሚስጥር ወደ ጓደኛዋ ዞራ በአሪኛ ለመነቻት። «ከባዶው አዳራሽ ጀምሪልኝ። እባክሽ።»

ጤናዬ ጀመረችላት። ሚስጥር አንድ ቃል ሳታስቀር፣ አንድም ሳትጨምር መለሰችው። ድምፅ ማንሳት የለ፣ እጅ መወርወር የለ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ሰው ጤናዬን ከበባት። ከካንጋተን የመጣች አንዲት ልጅ እጇን ይዛ አልለቅ አለች። ሚስጥር መሃል ቆማ የአንዷን ለሌላዋ ስታደርስ አመሸች። ቅናቱ ብን ብሎ ጠፋ ብል ዋሸሁ፤ እዚያም ቆማ ሁለት ሦስቴ ጫር ጫር አድርጓታል። ብቻ አሁን ስሙን ታውቀዋለች።

ወንድም ተስፋሁን ለብቻዋ ጠራት።

«የሰው ቃል አደራ ነው፣ ሚስጥር።»

«አውቃለሁ።»

«ለጊዜው እሁድ እሁድ መድረኩን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። መቼ እንደምትመለሺ በኋላ እንነጋገራለን።»

ያ መድረክ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላት ነገር ሁሉ ነበር። አዎ ለማለት አንገቷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ዞር ብላ አለቀሰች። ጤናዬ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ አንጥፈው ባደሩበት ክፍል ውስጥ ጤናዬ ቀስ ብላ ተነሳች። ትናንትም እንዲሁ ስትነሳ ሚስጥር ነቅታ ነበር፤ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ስባ የተኛች መስላ ነበር ያሳለፈችው። ዛሬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለቻት።

ጤናዬ ከአዳራሹ ጀርባ ግራር ሥር ተቀምጣለች። ሚስጥር አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው የሚባለው?» ስትል ጠየቀች።

«ትናንት ምን በላሽ?» አለች ጤናዬ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሚስጥር ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው የሰባኪዎቹ ቃል ሁሉ ተግተልትሎ መጣላት፤ ያማረ፣ የተሸመደደ፣ የሰው ሁሉ። እስኪያልፍ ጠበቀችው። ከዋናው መንገድ የመጀመሪያው አይሱዙ ሲነሳ ተሰማ።

«ትናንት ሩዝ ነው የበላሁት» አለች በመጨረሻ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ ለራሷ እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። እሱንም ልንገርህ።»