ያልተገኘው ጥናት

ፊዚዮቴራፒስቱ ወሬ ከጀመረ ዝሆንን በመርፌ ቀዳዳ ያሾልካል፤ ያውም ጃንጥላ አስይዞ። ሕመምተኞቹ እየሳቁ ሕመማቸውን ስለሚረሱ ማንም ተው አይለውም። ጉዱ የመጣው የሆስፒታሉን ቤተ መጻሕፍት የምትይዘውን ልጅ ሲወድ ነው።

የእሷ ሥራ ለሐኪሞች ጥናት ፈልጎ ማቅረብ ነው። ልብስ ሰፊ አባቷን ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ቢያሰንፍባቸው እሱ ዘንድ ይዛቸው መጣች። ማሠራት ይሻላል ወይስ ማሳረፍ ብላ ዓይን ዓይኑን ስታየው ልቡ ቀለጠ። ያ ትምህርት ኮሌጅ ሲሰጥ እሱ ከኋላ ወንበር ጓደኞቹን ሲያስቅ ነበር። ምላሱ ቀደመና አርባ ቀን ፍጹም ዕረፍት የሚል ጥናት አለ አላት፤ እንዲያምርለትም በሺህ ሁለት መቶ ሰው የተሞከረ ብሎ ጨመረበት።

በሦስተኛው ሳምንት አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። የአባትየው እጅ በጨርቅ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቻቸው ተጨብጠው ደርቀዋል።

«ጥናትህን አጣሁት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ይቅርታ፣ ሥራዬን የማልችል ሆኜ ነው መሰለኝ።»

ጭራሽ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ሆና አረፈችው። ምላሱ የጥናቱን ባለቤት ስም እንኳ ፈጥሮ ጨርሶ ነበር። ግን እነዚያን ጣቶች አየ፤ ፊቱ ጋለ።

«የለም» አለ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንቺ ፊት አዋቂ ለመምሰል።»

አባትየው ትክ ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ተረትህን የምትሞክርበት ሌላ እጅ አጣህ?»

እሷ ከቦርሳዋ አንድ እፍኝ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ያገኘኋቸው ሁሉ አሠሩት ነው የሚሉት። አንተን አምኜ እነሱን ተጠራጠርኩ።»

በጥፊ ብትለው በተሻለው።

ለአለቃው ራሱ ሄዶ ተናገረ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተቀበለ። አባትየው ግን ያጠፋው እሱ፣ የሚክሰውም እሱ ብለው ሌላ ሰው አሻፈረኝ አሉ። አለቃው በየሳምንቱ እየመጣ ሊያይ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ያን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዞ እየተነተነ፣ ጣት በጣት እያላቀቀ ሁለት ወር ለፋ። እሷ ጥግ ተቀምጣ ታያለች። እሱ ግን ቀና ብሎ አያያትም፤ በምን ዓይኑ?

አንድ ጠዋት አባትየው የሸሚዛቸውን ቁልፍ በቀኝ እጃቸው ቆለፉ። ሁለተኛው እምቢ አላቸው።

«መርፌ ይይዙ ይሆን?» አለች ልጅቷ።

እንዳቀረቀረ ላቡን ጠረገ። «አላውቅም።»

 እሷ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት።

«ና ቁጭ በል፤ አብረን እንፈልግ።»